ላዳን መውደድና ዕዳው

ባለፈው ዕትማችን አንድ ወንድማችን ለሰማያዊና ነጩ ላዳ የሙሾ ግጥም አስነብቦን ነበር። ሦስት ጊዜ ደግሜ አነበብሁት። ደኅና ግጥም ነው፤ ዶርም ውስጥ ጮክ ተብሎ ሲነበብ የሳቀም ነበር፣ ዝም ብሎ ጣራ ጣራውን ያየም ነበር። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ገጣሚው ላዳን የሚወዳት ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ነው። መሪውን የጨበጠው ሰውዬስ? ከጭስ ማውጫዋ ጀርባ የቆመውስ? ወንድማችን እንዳይቀየመኝ አደራ፤ ክርክሬ ከሱ ጋር ሳይሆን ከራሴ ጋር ነው። እስከ አምና ድረስ እኔም የሱ ቢጤ ነበርሁና።

«ስለ መኪና ደግሞ ምን ፍልስፍና አለ?» የሚል አይጠፋም። አለ እንጂ። አንድን አሮጌ ነገር እንወዳለን፤ ፍቅሩንም የግላችን ጉዳይ አድርገን እናየዋለን፤ ሻይ በስኳር ወይስ ያለ ስኳር እንደማለት የምርጫ ነገር ይመስለናል። ለመሆኑ ግን የፍቅራችንን ሒሳብ የሚከፍለው ሌላ ሰው ቢሆንስ? ያን ጊዜም «ምርጫዬ ነው» ብለን ልናልፈው እንችላለን ወይ? እኔን የገጠመኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ የገጠመኝም መጽሐፍ ላይ ሳይሆን አጎቴ ግቢ ውስጥ ነው።

አጎቴ ታክሲ ነጂ ነው። ላዳ 1200 ነበረችው፤ በ1986 ዓ.ም. የገዛት ሲሆን የተሠራችው በ1977 እ.ኤ.አ. እንደ ሆነ ሊብሬዋ ይመሰክራል። ልጁ ደግሞ የዛሬ ጥቂት ዓመት በብድር ሱዙኪ ዲዛየር ገዝቶ በስልክ ጥሪ ይሠራበታል። ሰዎቹም መኪኖቹም በአንድ ግቢ ነበር የሚያድሩት። ማታ ማታ ሁለቱ ግንባር ለግንባር ተፋጥጠው ይቆማሉ። ላዳዋን «እሷ»፣ ዲዛየሩን «እሱ» ነው የምንለው፤ ለምን እንደ ሆነ ቋንቋ የምታጠኑ ንገሩን።

አንድ ቀን የሁለቱን ልክ ጎን ለጎን ጻፍሁት። በርዝመት ላዳዋ 4 ሜትር ከ7 ሴንቲ ናት፤ ዲዛየሩ 4 ሜትር ሊሞላ 5 ሚሊ ሜትር ይጎድለዋል። በክብደት ሁለቱም ከአንድ ቶን በታች ናቸው። የሞተራቸው ይዘትማ ያስቃል፤ የሷ 1198 ሲሲ፣ የሱ 1197። በመካከላቸው ዐርባ ዓመት አለ፤ የሞተራቸው ልዩነት ግን አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ታዲያ ዐርባው ዓመት የት ገባ? ጉልበት ላይ ነው እንዳንል፣ እሷ ከ60 ፈረስ ትንሽ አለፍ ስትል እሱ ከ80 ትንሽ አለፍ ይላል፤ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ሃያ ፈረስ ተጨመረም አልተጨመረም ያው ሰልፍ ነው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

የላዳዋን የዘር ሐረግ ብንቆጥር አያቷ ጣሊያናዊት ናት። ፊያት 124 ትባላለች፤ በ1967 እ.ኤ.አ. የዓመቱ የአውሮፓ መኪና ተብላ የተመረጠች። ሶቪየት ኅብረት በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውላ በቮልጋ ወንዝ ዳር፣ በጣሊያኑ ኮሙኒስት መሪ በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም በተሰየመችው ከተማ ፋብሪካ አቆመች፤ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች በ1970 ወጡ። ሩሲያውያን መሐንዲሶች ጣሊያናዊቱን እንዳለች አልተቀበሏትም። ለበረዶውና ለጭቃው እንድትሆን ላሜራዋን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ የኋላውን የዲስክ ፍሬን በከበሮ ፍሬን ለወጡት፣ ሞተሯን ቀየሩት፤ ባትሪ ቢሞት እንኳ በእጅ በሚዘወር ብረት እንድትነሣ ከፊቷ ቀዳዳ ተዉላት። ለውጡ በጠቅላላው ከ800 በላይ እንደ ነበር ይነገራል።

እንግዲህ ይህች መኪና በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ስትገባ ማን ተቀበላት? ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ የሚሉ መካኒኮች ናቸው። የጋራዣችን ቋንቋ ጣሊያንኛ ነው፤ ከሷ በፊት ታክሲ የነበረችውም ፊያት 600፣ ሴይቼንቶዋ፣ ነበረች። ሩሲያዊቱ በእንግድነት ስትመጣ የአያቷን ቋንቋ የሚናገር አገር ጠበቃት። የሚገርመኝ ነገር ነው። ከፋብሪካ የወጣችው አንድም መካኒካችን ካላየው ከተማ ነው፤ ኮፈኗ ሲከፈት ግን የማይታወቅ ነገር አልነበረባትም።

ገጣሚው ወንድማችን የሚያለቅስላት ለዚህች ነው፤ በዚህ በኩል አልፈርድበትም። አጎቴ ሞተሯን በጆሮው ነው የሚያነባት። ተኝቶ ሳለ ሌላ ሰው ካስነሣት እንኳ ከአልጋው ሳይወርድ «ፑንቲናዋ ተበልቷል» ይላል፤ አይሳሳትም። ክፍተቱን የሚለካው በክብሪት ሣጥን ወረቀት ነው። ከወንበሩ ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለችው፤ ፒንሳ፣ ሽቦ፣ ሁለት አሮጌ ካንዴላ፣ የተቆረጠ ቺንጋ፣ ሳሙና። ሳሙናው ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ቀዳዳ ለመድፈን ነው እንጂ እጅ ለመታጠብ አይደለም። ኮፈን ከፍቶ የቆመ ላዳ አይቶ የሚያልፍ ላዳም አልነበረም። ይቆማል፣ ይወርዳል፣ አንገቱን አብሮ ያስገባል። ሥራው ካለቀ በኋላ ስም ሳይጠያየቁ የሚለያዩ ብዙ ናቸው።

ይህን ሁሉ እኔም «የሰው ልጅ የመሣሪያው ጌታ የነበረበት ዘመን» ብዬ አንድ የክፍል ጽሑፍ ላይ አወድሼው ነበር። ሄግልንም ጠቅሻለሁ፤ ያልጠቀሰ ተማሪ የለምና። ጌታው የማያውቀውን ነገር ሎሌው በሥራው ያውቀዋል፣ ዕውቀቱም ነፃ ያወጣዋል ምናምን። መምህሬ «ጥሩ» ብሎ ጻፈልኝ። አጎቴን ግን አልጠየቅሁትም።

ብጠይቀው ኖሮ ዕውቀቱ ከየት እንደ መጣ ይነግረኝ ነበር፤ ከመበላሸት ነው የመጣው። ላዳዋ ሳትበላሽ ብታድር ኖሮ ፑንቲና የሚባል ነገር እስከ ዕለተ ሞቱ ባያውቅ ደስ ይለው ነበር። ያን የወንድማማችነት ትርዒት ያዘጋጀው ችግር ነው፤ መለዋወጫ አለመኖሩ፣ ለጋራዥ የሚከፈል አለመኖሩ፣ ተሳፋሪው «ቶሎ በል እንጂ» እያለ በር ሲከፍት ገንዘቡ መቅረቱ። ችግር ያስተማረውን ሙያ ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ለሙያው ሲባል ችግሩ ይኑር ማለት ሌላ ነው። ሁለቱን ስናምታታ ማንም አይሰማንም፤ የምንጽፈው ለኛው ስለ ሆነ።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አጎቴ ማታ ማታ ግራሶውን ከእጁ የሚያለቅቀው በቤንዚን ነበር። ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ቤንዚን ሲገለበጥ ቱቦውን በአፉ ስቦ ነው፤ አንዳንዴም ይውጠዋል። ያ ቤንዚን ለብዙ ዓመት እርሳስ ነበረበት። በ1921 እ.ኤ.አ. ቶማስ ሚጅሊ የተባለ አሜሪካዊ፣ ሞተር እንዳያንኳኳ ቤንዚን ውስጥ የእርሳስ ውሁድ መጨመር እንደሚበጅ አገኘ፤ ዓለም ሁሉ ያን ጨመረ። እርሳስ መርዝ መሆኑ ያኔም የተሰወረ አልነበረም። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው የሕፃናትን አእምሮ ነው። ከሰሀራ በታች ያለው አፍሪካ የተላቀቀው በ2006 እ.ኤ.አ. መባቻ ሲሆን፣ የመጨረሻዋ የዓለም አገር አልጄሪያ ያቆመችው በ2021 ነው። ይህ የላዳዋ ኃጢአት አይደለም፤ በዚያ ዘመን የነበረ መኪና ሁሉ የጋራ ኃጢአት ነው። ነገር ግን «ደጉ ዘመን» የምንለው ዘመን የአጎቴ እጅ በምን ይታጠብ እንደ ነበር ማወቅ አለብን።

እርሳሱ ቀረ፤ ጭሱስ? እዚህ ላይ አምስት ኪሎ ያላችሁ ጓደኞቼ ብሳሳት አርሙኝ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሯ ስስ ነው፤ ከባሕር ዳር አየር ከአምስት አንድ እጁ ያህል ይጎድለዋል። ካርቡሬተር ግን ይህን አያውቅም። የቮልጋው ካርቡሬተር የተለካው ለቮልጋ አየር ነው፤ እዚህ መጥቶም ቤንዚኑን በለመደው ልክ ይሰጣል፤ አየሩ ስለሚያንስ ግን ቤንዚኑ በሙሉ ሳይነድ ይወጣል። ጎበዝ መካኒክ የቤንዚኑን ቀዳዳ አጥብቦ ያስተካክለዋል። ሁሉም ጎበዝ አይደለም፤ ጎበዙም ያስተካከለው በወሩ ይዛነፋል። ዲዛየሩ ደግሞ ጭስ መውጫው ላይ ኦክስጅን የሚያሸት ሴንሰር አለው፤ ቤንዚኑ በዛ ወይስ አነሰ የሚለውን ያለ ማቋረጥ እየነገረው ኮምፒዩተሩ ራሱ ያስተካክላል። እንጦጦ ሲወጣና ናዝሬት ሲወርድ ልኩን የሚቀይርለት መካኒክ አያስፈልገውም። ጭሱን የሚያጣራ ዕቃም ከሥሩ አለው፤ እሱ ተነቅሎ ካልተሸጠ ነው እንግዲህ።

ላዳዋ ያላነደደችውን የሚተነፍሰው ማን ነው? ገጣሚው አይደለም፤ መስኮቱን ዘግቶ ሄዷል። እኔም አይደለሁም። መብራት ላይ የቆመው ትራፊክ ፖሊስ ነው፣ ሊስትሮው ነው፣ ከአስፋልቱ ዳር በቆሎ የምትጠብሰው እናት ናት። እነዚህ ሰዎች ላዳ ኮንትራት ተሳፍረው አያውቁም። ላዳን ስንወድ የምንወዳት በነሱ ሳንባ ነው። «ከላዳ ይልቅ የጭነት መኪናው ይብሳል» የሚለኝ አለ፤ እውነቱን ነው፣ ናፍጣው ይብሳል። ለናፍጣው ግን ግጥም የጻፈለት የለም፤ ስለዚህ ለጊዜው ተውት።

ይህን ሁሉ አሁን እንዲህ ዘርዝሬ ስጽፈው ድሮም የማውቀው ይመስላል። አላውቀውም ነበር። አጎቴ ላዳዋን ለመለዋወጫ ለሚፈልግ ሰው ሸጦ የልጁን ዕዳ ሊያቃልል ሲያስብ፣ ቤተ ዘመድ ፊት ተነሥቼ «ቅርስ ናት፣ አትሸጥም!» ያልሁ እኔ ነኝ። ጋሼ ዝም ብሎ አየኝና «ቅርስ ከሆነች አንተ ውሰዳት፤ ዘይት እየጨመርህ ኑርባት» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን ክርክሩን የረታሁ መሰለኝ፤ በዚያን ሰሞን ሳይሸጣት ቀረና።

አምና በቃና ዘገሊላ ዕለት ዘመድ ጠይቀን በላዳዋ ስንመለስ፣ የአጎቴ የልጅ ልጅ፣ የዲዛየሩ ባለቤት ልጅ ማለት ነው፣ እንደ ልማዷ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ቆማ ነበር። አምስት ዓመቷ ነው። ከፊታችን የነበረ ሚኒባስ ሰው ለመጫን ድንገት ቆመ። አጎቴ ፍሬን ያዘ፤ ደረስንበት። ፍጥነታችን ከሩጫ አይበልጥም። ልጅቷ ግን በመካከላችን በርራ ከፊት ለፊቱ ጠርዝ ላይ ወደቀች። አገጯ ላይ ስድስት ጥልፍ ተሰፋ። ጥፋቱ የሚኒባሱና የኛ ነው፤ ልጅ ቆማ እንድትሄድ የፈቀድን እኛ ነን። ቢሆንም ቁጭ በይ ብንላትስ? ከኋላ ወንበር ላይ የምትታሰርበት ቀበቶ አልነበረም። አጎቴ ፓራውልቷን በማግሥቱ በመዶሻ አቃናው፤ ከሰዓት በኋላ ሥራ ወጣ።

ያን ማታ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ «ደግነቱ ላዳ ሆነች፤ ላዳ እኮ ብረት ናት! ያኛው ቆርቆሮ ቢሆን አልቃችሁ ነበር» ይላል። እኔም ድሮ የምለው ይህንኑ ነው። እስቲ ይመዘን። በ2009 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የመኪና መድን ድርጅቶች ያቋቋሙት የመንገድ ደኅንነት ተቋም ሃምሳኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ የ1959 ሼቭሮሌ ቤል ኤርን ከ2009 ሼቭሮሌ ማሊቡ ጋር ፊት ለፊት አጋጫቸው፤ ሁለቱም በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር እየሄዱ። ቤል ኤሯ ያማረች፣ ረጅም፣ ክንፍ ያላት የብረት ክምር ናት። በግጭቱ የሾፌሩ ክፍል ፈረሰ፤ ውስጥ የተቀመጠው አሻንጉሊት ሰው ቢሆን ኖሮ ይሞት ነበር። የማሊቡው ሾፌር እግሩ ላይ ቀላል ጉዳት ቢደርስበት ነው። ምክንያቱ ቀላል ፊዚክስ ነው። የግጭቱ ጉልበት አንድ ቦታ መድረስ አለበት። አፍንጫው ከተጨማደደ ጉልበቱ እዚያ ያልቃል፤ ካልተጨማደደ ወደ ሰውዬው ደረት ይሄዳል። የመርሴዲሱ መሐንዲስ ቤላ ባሬኒ በ1950ዎቹ ይህን አስቦ፣ የመኪናው ጫፎች እንዲጨማደዱ፣ ሰው ያለበት መካከሉ ግን እንዳይደፈር አድርጎ ነደፈ። እኛ «ቆርቆሮ» ብለን የምንንቀው መጨማደድ ለኛ ሲባል የታሰበ ነው። ላዳዋ በግጭት ማግሥት በመዶሻ ተቃንታ ሥራ መውጣቷን እንደ ክብር እንቆጥርላታለን፤ የልጅቷ አገጭ በመዶሻ አይቃናም።

እስካሁን ያነበበኝ ሰው «እንግዲያው ይኼ የአዲስ መኪና ነጋዴ ነው» ይል ይሆናል። ታገሡኝ። አዲስነት ራሱ ደግነት አይደለም። የዲዛየሩ ታናሽ ወንድም፣ በአንድ ሻንሲ ላይ የተሠራው ስዊፍት፣ ለሕንድ ገበያ የተሠራው ማለቴ ነው፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ግሎባል ኤንካፕ በሚባለው ድርጅት ሲፈተን ከ5 ኮከብ 2 ብቻ ነው ያገኘው፤ አካሉም አልጸናም ተባለ። በ2024 የወጣው ሌላው የዲዛየር ትውልድ ግን በአዋቂ ተሳፋሪ 5 ኮከብ አገኘ። በስድስት ዓመት ውስጥ ፊዚክስ አልተለወጠም። የተለወጠው የሚፈትን፣ የሚያጋልጥና የሚጠይቅ መኖሩ ነው። ካልተጠየቀ አዲሱም ያው ነው።

ጭራውንም ተመልከቱለት። ዲዛየር ከፊት አማላይ ሆኖ ከኋላ የተቆረጠ ይመስላል፤ በእርግጥም የተቆረጠ ነው። የሕንድ መንግሥት ርዝመታቸው ከ4 ሜትር ለማይበልጥ፣ የቤንዚን ሞተራቸውም ከ1200 ሲሲ ለማያልፍ መኪኖች ቀረጥ ቀነሰ። የመጀመሪያው ዲዛየር ከዚያ ይረዝም ነበር፤ ሁለተኛው በ2012 እ.ኤ.አ. ሲመጣ ኋላው ተከርክሞ 3 ሜትር ከ99 ተኩል ሴንቲ ላይ ቆመ። ላዳዋን የቀረጻት ጭቃና በረዶ ነው፤ ዲዛየሩን የቀረጸው የቀረጥ ደብተር ነው። የትኛው ይሻላል? አላውቅም፤ ሲታዩ ግን ይለያሉ።

የዲዛየሩ ዕዳ ግን ከመልኩ ይከብዳል። ላዳዋ ሌሊት ስትቆም ትተኛለች፤ እሱ ሲቆም ወለድ ይቆጥራል። የአጎቴ ልጅ ለማን እንደሚሠራ ራሱም አያውቀውም። ጥሪው ከስልክ ይመጣል፣ ዋጋውን ስልኩ ይቆርጣል፣ የስልኩ ባለቤት ድርሻውን ያነሣል፣ ተሳፋሪው ሲወርድ ደግሞ ኮከብ ይሰጠዋል። መኪናውም በኮከብ፣ ሾፌሩም በኮከብ! አጎቴ በዘመኑ ከተሳፋሪ ጋር ፊት ለፊት ይከራከር ነበር፤ «አምስት ብር ጨምሪ እንጂ እናቴ» ይላል፣ «አልጨምርም» ትለዋለች፣ ይስቃሉ፣ ይሄዳሉ። ልጁ የሚከራከረው ከማን ጋር ነው? ስልኩን ቢሰድበው አይሰማም።

ዕውቀቱስ? ባለፈው ክረምት ዲዛየሩ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት በራች። የሞተር ቅርጽ ያላት ያቺ መብራት ማለቴ ነው። መኪናው ይሄዳል፣ ድምፁም ደኅና ነው፤ መብራቷ ግን በርታለች። የአጎቴ ልጅ ኮፈኑን ከፍቶ አየና ዘጋው፤ ጥቁር ፕላስቲክ ነው የሚታየው። ኮምፒዩተር ያለው ጋራዥ ወረፋ ሦስት ቀን ወሰደ። ሦስት ቀን ሥራ የለም፤ ወለዱ አለ። በመጨረሻ ሲገኝ አይጥ ሽቦ በልታለች! አጎቴ ያን ሽቦ በአሥር ደቂቃ፣ ከቆርቆሮው ባወጣት ሌላ ሽቦ ይቀጥለው ነበር። ነገር ግን የትኛው እንደ ሆነ የሚነግረው የለም፤ መኪናው የሚናገረው ለማሽን ብቻ ነው። አባትየው የተናገረውን አልረሳም፤ በምሬት አልነበረም፤ «የኔዋ ስትታመም ትጮሃለች፤ ያንተው በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ይጽፋል» አለው።

የኔ ፍርድ ታዲያ የቱ ጋ ነው? ላዳዋ መሸጧ ትክክል ነው እላለሁ። ተሽጣለችም። ምክንያቴ ግን «ዘመናዊ ነገር ይሻላል» የሚለው አይደለም። ሰው የወደደውን ነገር ይዞ የመቆየት መብት አለው፤ ሒሳቡን ራሱ እስከ ከፈለ ድረስ። የላዳዋን ሒሳብ የምትከፍለው አገጯ የተሰፋው ልጅና በቆሎ ጠባሿ እናት ሲሆኑ፣ እኔ «ቅርስ» ስል በሰው ኪስ ለጋስ ሆኜ ነበር። ይህን ከዚህ በኋላ አላደርገውም።

ላዳዋ ስትሸጥ ግን አብሮ የማይሸጥ ነገር መኖር አለበት፤ ኮፈን ከፍቶ የመረዳት መብት። እሱን ከአሮጌው መኪና ጋር አብረን መጣላችን ስሕተት ነው። ንጹሕ ጭስና የታሸገ ኮፈን የግድ አብረው እንዲሄዱ የሚያስገድድ የተፈጥሮ ሕግ የለም። ሴንሰሩ ሽቦ መቆረጡን የሚያውቅ ከሆነ «ይህኛው ሽቦ» ብሎ ለሾፌሩ በሾፌሩ ቋንቋ መናገር ያቅተዋል? አያቅተውም፤ አልተጠየቀም እንጂ። ኮከቡም ሲጠየቅ ነው የመጣው።

ነገሩም ይቸኩላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1186፣ መኪና ባረጀ ቁጥር ግብሩን አከበደበት፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ወደ ኤሌክትሪክ መሄዱ ለትራፊክ ፖሊሱ ሳንባ እሰይ ነው። ግን ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን የሚሉ ቃላት የማይጠሩት ዕቃ ሊመጣ ነው። ያን ዕቃ የሚከፍት እጅ ከየት ይመጣል? ጋራዥ ውስጥ ያለው ልጅ በምን ቋንቋ ይማረዋል? አምስት ኪሎ ያላችሁ፣ ለላዳ ሙሾ ከማውረድ ይህን ብትጽፉልን ይሻላል። ወንድማችንም ግጥሙን ይቀጥል፤ አልከለከልነውም።

አንድ ክርክር ቀርቶ ነበር፤ ላነሣው ነው። አንድ ጓደኛዬ «ለመሆኑ የተሸጠችው ያቺው ላዳ ናት ወይ?» አለኝ። ሞተሯ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ ሦስት በሮቿ ከሌሎች ላዳዎች የተወሰዱ ናቸው፤ ወለሏ በየክረምቱ ተበየደ። ግሪኮች ስለ ቴሴዎስ መርከብ የሚጠይቁት ጥያቄ ነው፤ ሳንቃው ሁሉ ተተክቶ ካለቀ መርከቡ ያው ነው ወይስ ሌላ? ፈላስፎቹ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። መንገድ ትራንስፖርት ግን መልሱን ያውቃል፤ የሻንሲ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚያየው።

ላዳዋ የሄደች ዕለት እኔም ግቢ ነበርሁ። ገዢው ጎትቶ ሊወስዳት መጥቶ ነበር፤ አጎቴ «ተነሥታ ትሄዳለች» ብሎ እምቢ አለ። ተነሣች፤ በራሷ እግር ወጣች። ጋሼ ከበሩ ተመልሶ ዝም ብሎ ቆየና ልጁን «ና እስቲ ይኸን ክፈተው» አለው።

«ምኑን አባዬ?»

«ኮፈኑን ነዋ!»

ልጁ ከፈተ። አጎቴ መነጽሩን አወጣ። ጥቁሩን ፕላስቲክ በጣቱ መታ መታ አደረገው፤ አንገቱን አስገባ፤ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ወዴት እንደሚሄዱ ተከተላቸው።

«ካንዴላው የታል?»

«ከሥሩ ነው፤ ያቺ ከላይ የተቀመጠችው ናት እሳቱን የምትሰጠው።»

«ለእያንዳንዱ አንድ አንድ?»

«አዎን።»

ቆጠራቸው። ከዚያ ቀና ብሎ እጁን በጋቢው ጫፍ ጠረገና «አራት ነው፤ እንደኔዋ» አለ። የብስኩት ቆርቆሮዋንም አንሥቶ ከዲዛየሩ ወንበር ሥር ከተታት።